ግማሽ ስም

በግጥም ባሪያ መሆን የሚጠላ ሰው ጎንደር ላይ የለም። አዝማሪው ቆንጆ ባየ ቁጥር «ባሪያሽ ልሁን» ይላል፤ ውኃ ቅዳልኝ ብትለው ግን ማሲንቆውን አንግቶ ይሸሻል። ደብተራው ጸሎቱን ሲያሳርግ «እኔ ኃጥእ ባሪያህ» ብሎ ስሙን ይጠራል፤ ቤቱ ሲገባ እግሩን የሚያጥበው ግን ሌላ ሰው ነው። አልቃሽም ከለቅሶ ሜዳ መካከል ቆማ «ባሪያሽን ለማን ትተሽኝ» ትላለች፤ ቃሉ ያምራል፣ ያስለቅሳልም። ይመኙሽ በአራዳ አልቃሽ ሆና ስትኖር ይህንኑ ቃል በስንቱ ሟች ላይ እንዳወረደችው አታስታውሰውም። ሙያ ነውና የሚጠይቃት የለም፣ እሷም ራሷን አትጠይቅም። ሰው ሁሉ እንባውን ሲያፈስ የእሷ ዓይን ደረቅ ነበር፤ አልቃሽ ካለቀሰች ግጥሙ ይጠፋባታል። ከጎንደር አልቃሾች መካከል ግን ያንን ቃል ከግጥም ውጭ የምታውቀው እሷ ነበረች።

የተወለደችው ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ኮሶዬ ላይ፣ በወይዘሮ ሐረገወይን ቤት ነው። ወይዘሮ ሐረገወይን የፊታውራሪ ሚስት፣ የብዙ ርስት ባለቤት፣ ከሁሉም በላይ ግን ግጥም አዋቂ ነበሩ። በዚያ ዘመን በትልልቅ ቤቶች የባሪያ ስም እንደ ማንም ሰው ስም አልነበረም። ስሙ የአንድ ስንኝ ግማሽ ነው። ጌታው ግማሹን ሲጣራ ባሪያው «አቤት» አይልም፤ የቀረውን ግማሽ ጮኾ ይመልሳል። ይህን የሚሰማ እንግዳ ጠጁን አስቀምጦ «ወይ ጥበብ!» ይላል፣ ቤቱም በዚያው ይከበራል።

የወይዘሮ ሐረገወይን ቤት በዚህ የታወቀ ነበር። ፈረስ ጠባቂውን ሲፈልጉ «ማን ደፍሮ!» ብለው ይጣራሉ፤ ከጋጣው «የጌታዬን በር!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ትንሿን ልጅ ሲፈልጉ «ምን ጎደለ!» ይላሉ፤ ልጅቱም የያዘችውን እንደ ያዘች «ከእመቤቴ ቤት!» እያለች ትሮጣለች። ወጥ ቤቷን ሲፈልጉ ደግሞ «ማን አለኝ!» ነው የሚሉት። መልሱ «ከእመቤቴ በቀር!» ነው። ሁሉንም የገጠሙት ወይዘሮዋ ራሳቸው ናቸው። መጽሐፍ አልጻፉም፤ ግጥማቸውን የጻፉት በሰው ላይ ነው።

«ምን ጎደለ» የተባለችው ልጅ ይመኙሽ ናት። ወጥ ቤቷ «ማን አለኝ» እናቷ ነበረች። ይመኙሽ የሚለውን ስም እናቷ በወፍጮው ጩኸት ተከልላ፣ ለጆሮዋ ብቻ ነው ያወጣችላት። የእናቷን እውነተኛ ስም ግን ልጅቱም አላወቀችውም። አንድ ቀን ብትጠይቃት፣ ከመተማ ወዲያ ካለው ቆላ በልጅነቷ መወሰዷን ነገረቻትና «ሌላ ስም ነበረኝ፤ የሚጠራኝ ሰው ሲጠፋ እሱም ጠፋ» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አልተነጋገሩም፤ የሚፈጨው እህል ብዙ ነበር።

ጣሊያን ጎንደር ገብቶ ባሪያ ነጻ ወጥቷል ብሎ ቢለፍፍም፣ ኮሶዬ ማድ ቤት ድረስ የዘለቀ ለፋፊ አልነበረም። በዚያው በጣሊያን ጊዜ የወይዘሮ ሐረገወይን ልጅ እናኑ ልታገባ ሰርግ ተደገሰ። ድግሱ ሲጣጣል ማን አለኝ ተስቦ ያዛት፣ ሙሽራው በሚመጣበት ቀን ማለዳም ሞተች። እናኑን ጡት አጥብታ ያሳደገቻት እሷ ነበረች። ይመኙሽ ዋይ ልትል አፏን ስትከፍት ወይዘሮዋ ደረሱባት።

«በሰርግ ቤት እንባ አይፈስም» አሉ። «ዝም ብላችሁ ቅበሩ።»

ፈረስ ጠባቂውና አንድ አራሽ ሬሳውን ተሸክመው በጓሮ በኩል ይዘውት ወረዱ። ይመኙሽ መከተል አልተፈቀደላትም፤ ኩስኩስት ይዛ ለእንግዶች እጅ ታስታጥብ ነበር። እንግዶቹ የቤቱን ግጥም ስለሚያውቁ፣ ውኃ ሲፈልጉ «ምን ጎደለ!» እያሉ እየሳቁ ይጣሯታል። እሷም «ከእመቤቴ ቤት!» እያለች ስትመልስ ዋለች።

ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ ሲመለሱ ባርነትን የሻረ አዋጅ ታወጀ፣ ይህኛው ኮሶዬም ደረሰ። ይመኙሽ ነጠላዋን ጠቅልላ ጎንደር ወረደች፣ አራዳ ላይ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይታ ጠላ እየጠመቀች ተቀመጠች። አልቃሽ የሆነችው በድንገት ነው። አንድ የሰፈር ነጋዴ ሲለቀስ የመጣችው አልቃሽ ድምፅዋ ተዘጋ፤ ሕዝቡ ቆሞ ሲጉረመርም ይመኙሽ ከጀርባ አንድ ስንኝ አወረደች። የት እንደተማረችው ሰው ገረመው። የተማረችው ከፊታውራሪ ለቅሶ ላይ ነው። በደገኛው ልማድ ትልቅ ሰው ሲለቀስ ፈረሱ፣ በቅሎው፣ ጋሻውና ጠመንጃው ሜዳ ላይ ይወጣሉ። ፊታውራሪ ሲለቀሱ ባሮቹም ከበቅሎው ጎን ተሰልፈው ነበር። ትንሿ ይመኙሽ ኩስኩስቱን እንደ ታቀፈች ከንብረቱ ጋር ቆማ ዋለች፤ መቀመጥ ስለማይቻል ግጥሙን ሰማች።

እንግዲህ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደሚባለው፣ የአራዳን ሟች ሁሉ ያስለቀሰች ሴት የገዛ እናቷን አላስለቀሰችም ነበር። ፈቃድ የሚከለክላት ኖሮ አይደለም። አልቃሽ የሟችን አጥንት ትቆጥራለች፤ የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ እያለች እስከ ሰባት ትወጣለች። እናቷ የሚቆጠር አጥንት የላትም። ያላት ያ ስም ብቻ ነው፣ እሱም ግማሽ ነው። አንድ ጊዜ በሯን ዘግታ «ማን አለኝ» ብላ ጠርታት ነበር። የሚመልስ ስለሌለ ጥሪው ቤቱ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ እሷም አፈረች። ሟች ጠርቶ ራስ መመለስ ደግሞ የእብድ ነው። መልሱን የሚያውቁ በምድር ላይ ያሉት የዚያ ቤት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም እያለቁ ነው። ፈረስ ጠባቂው ማን ደፍሮ ዛሪማ ላይ መንገድ ሲሠራ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። የእናቷን ስም የሚመልስላት አንድ ሜዳ ሰው ፈለገች። ከዚያ ሌላ ምኞት አልነበራትም ቢባል ውሸት አይደለም።

አዋጁ ከወጣ ወደ ሃያ ዓመት ሲጠጋ ከኮሶዬ የጭነት ማኪና መጣላት። ወይዘሮ ሐረገወይን ሞተዋል፣ ቀብራቸውም አልፏል፤ ትልቁ ለቅሶ ለሣልስቱ ተቀጥሯልና አልቃሿ ትምጣ ተባለ። ግድግዳ የምትጋራት አረቄ ሻጯ አበቡ ዕቃዋን ስትሸክፍ አየቻትና ቆጣ አለች።

«ምነው፣ ለእነሱ ነው የምታለቅሺ?»

«ለእነሱ አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ስመለስ እነግርሻለሁ» አለችና ማኪናው ላይ ወጣች።

በልማዱ መሠረት አልቃሽ ከለቅሶው ዋዜማ ከቤተ ዘመዱ ጋር ተቀምጣ ምን እንደሚባል ትነጋገራለች። የሟች ወንድም አያ ሰጠኝ በእልፍኙ መካከል ተቀምጠው አጥንት ያስቆጥሯታል። ጎንደር ከተማ መሥሪያ ቤት የሚሠራው የሟች ልጅ አድማሴ ቦርሳውን ከጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። እናኑ ጠጉሯን ተላጭታ ከጥግ ተቀምጣለች። ይመኙሽ አድማሴን በልጅነቱ ጌታዬ ትለው ነበር፤ አሁን አቶ አድማሴ ትለዋለች፣ ሁለቱም ልዩነቱን እንዳላዩ ይሆናሉ።

አያ ሰጠኝ አጥንቱን ቆጥረው ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ደግሞ የቤቷን ሰው ጥሪ። ፊታውራሪ ሲለቀስ ባሮቹ ከበቅሎው ጎን ቆመው ነበር። የእኔ እኅት በባዶ ሜዳ አትለቀስም።»

አድማሴ ቦርሳውን አስቀመጠ። «ምነው አያ! አዋጁ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው? ነገ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሰዎች ይመጣሉ። የሌለንን ማስቆጠር ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

«በሰማይ አይደለም፤ እዚሁ ግቢ ነበሩ!»

«እሺ፣ ሠራተኞች ትበልና ይለፍ።»

ሁሉም ወደ ይመኙሽ ዞሩ። አድማሴ በእንቢታው ከጸና የመጣችበት ነገር እዚሁ እልፍኝ ውስጥ ማለቁ ነው። ፊቷ ግን የአልቃሽ ፊት ነው፣ አላሳበቀባትም።

«ሠራተኛ የሚለው ቤት አይመታም» አለች።

እርግጥ ይመታል። ይመኙሽ ከፈለገች ድንጋዩንም ቤት ታስመታው ነበር። አድማሴ ግን የቢሮ ሰው ነው፣ አመናት።

«እንግዲያ አንቺ ታውቂያለሽ። ብቻ ባሪያ የሚል ቃል እንዳልሰማ።»

«አይሰሙም አቶ አድማሴ። ስማቸውን ብቻ ነው የምጠራ።»

«ይህማ ሸጋ ነው!» አሉ አያ ሰጠኝ፣ ነገሩ እሳቸው እንዳሉት በመሆኑ ተደስተው። እናኑ ከጥጓ ቀና ብላ ይመኙሽን አየቻትና «ውኃ ስጧት፣ ከመንገድ ናት» አለች። ሌላ የተናገረችው የለም።

በማግሥቱ ሜዳው በሰው ሞላ። ኮሶዬ ነፋሱ የታወቀ ነው፤ ከገደሉ ሥር ከቆላው ተነሥቶ ሲመጣ የሴቱን ነጠላ ሁሉ ይገልባል። የሟች በቅሎ ተጭና፣ ወርቀዘቦ ካባቸው በኮርቻው ላይ ተዘርግቶ፣ ከመካከል ቆማለች። ከበቅሎዋ ጎን ማንም የለም። ይመኙሽ ያንን ባዶ ቦታ አወቀችው፤ ኩስኩስት ታቅፋ የቆመችበት ነው። ከሰው ክብ መካከል ገብታ ጀመረች።

«በቅሎዋ ተጭና ቆማለች ከሜዳ፣
እመቤቷ ገብታ ከማይከፈት ጓዳ።»

ሕዝቡ «ወየው! ወየው!» እያለ ተቀበላት። አጥንቱን ቆጠረች፤ አንድም አላሳሳተችም። ርስቱን፣ ድግሱን፣ የወይዘሮዋን ግጥም አዋቂነት ሳይቀር አነሣች፤ ሞያዋን አላጓደለችም። የአውራጃው ሰዎች ሳይቀሩ ደረታቸውን ደቁ። ከዚያ ፊቷን ወደ በቅሎዋ አዞረች።

«የቤቱ ሰው ይጠራ!» አለች፣ ድምፅዋንም ከፍ አድርጋ፣ «ማን ደፍሮ!»

ከሽማግሌዎቹ መካከል አንድ ወፍራም ድምፅ ሳያስበው አመለጠ፤ «የጌታዬን በር!» አያ ሰጠኝ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከዚያ ጋጣ ሲመጣ የሰሙት መልስ ነው፤ ምላስ ደግሞ የለመደውን አይረሳም። ወዲያው ቤተ ዘመዱ ተከተላቸው፣ የሠፈሩ ሰው ተከተለ፣ ነገሩን የማያውቁት እንግዶችም ግጥም መስሏቸው ከነሱ ጋር ጮኹ። ግጥምም ነበር።

«ምን ጎደለ!»

«ከእመቤቴ ቤት!»

ስሟ ተጠርቶ ሌላ ሰው ሲመልስላት ለይመኙሽ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። የሞቱት እመቤት ወንድም፣ የቢሮው ልጅ፣ ባለካባውና ባለቆቡ ሁሉ እንደ አንዲት ኩስኩስት ያዥ ልጅ እየጮኹ መለሱላት። አድማሴ የአውራጃውን ሰዎች በዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አየ። እያለቀሱ መሆናቸውን ሲያይ ልቡ ተመለሰ።

ቀጥሎ የእናቷ ነው። ሃያ ዓመት ያሳደረችውን አወጣችው።

«ማን አለኝ!»

«ከእመቤቴ በቀር!»

ሜዳው ተናወጠ። ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ፣ ፊታቸውን ነጩ። ከሁሉ በላይ የተሰማው የእናኑ ድምፅ ነበር። ይመኙሽ ደግማ ጠራች፣ ሜዳው ደግሞ መለሰ፤ የእናኑ ድምፅ ግን በዚህኛው አልነበረበትም። የምታለቅሰው ጡት አጥብታ ላሳደገቻት ሴት እንደ ሆነ ገብቷታል። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ከአፏ ላይ አድርጋ፣ ይመኙሽን ታያት ነበር። ይመኙሽ በቃኝ እስክትል ድረስ ስሙን ጠራችው።

ለቅሶው ሲበተን አያ ሰጠኝ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ።

«ሸጋ አደረግሽው! የእኅቴን ሀብት አንድም አላስቀረሽባት።»

«አዎ አያ፣ አላስቀረሁም» አለችና ማኪናው ወደ ቆመበት ሄደች።

የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ወደ ጎንደር ስትወርድ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የፈለገችው አንድ ሜዳ ሰው ነው፣ አገኘችው። እናቷን በጓሮ ያስወጣ ቤት ደረቱን ደቃላት። ሆኖም ማኪናው ቁልቁለቱን ሲይዝ ሜዳው የመለሰው ቃል በጆሮዋ ይመላለስባት ጀመር፤ ከእመቤቴ በቀር፣ ከእመቤቴ በቀር። ይህ የማን ቃል ነው? የወይዘሮዋ ነው። እናቷ በሕይወቷ ሲያስብሏት የኖሩትን ነው ሞታም ያሉላት። ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰላት ከእመቤቷ በቀር ማንም የሌላት ሴት ናት ብሎ ነው። እናቷ ደግሞ ሰው ነበራት። እዚያው ማድ ቤት ውስጥ ልጅ ነበረቻት።

ይመኙሽ ተናደደች። ሃያ ዓመት የተመኘችውን አግኝታ ተናደደች፤ ሹፌሩ መንገዱ የመታት መስሎት ቀስ ብሎ ነዳ።

በነጋታው አበቡ ብቅ ስትል የይመኙሽ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጠላ አልተጠመቀም፣ እሳት አልነደደም። ይመኙሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፋ፣ እንደ ሐዘንተኛ ተቀምጣለች።

«በሞትኩት! ማን ሞተብሽ?»

«እናቴ።»

«መቼ?»

«በጣሊያን ጊዜ።»

አበቡ ደነገጠች። እብደት እንዳይሆን ፈርታ ፊቷን አየቻት፤ ፊቷ ግን ደኅና ነው። «ታዲያ ዛሬ ምነው?» አለቻት ቀስ ብላ።

«ለቅሶዋ ትናንት ነበር።»

ከዚያ ነገረቻት። ስለ ግማሹ ስም፣ ስለ ሰርጉ፣ ስለ ሜዳው፣ ሰው ሁሉ ስለ መለሰው መልስ፣ አንዱንም ሳታስቀር ነገረቻት። አበቡ አረቄዋን የሚጠብቁ ደንበኞች ነበሯት። ሰምታ ስትጨርስ ግን ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ አዘቅዝቃ ለበሰች፣ «እግዜር ያጽናሽ» ብላ ከጎኗ ተቀመጠች። ለይመኙሽ በራሷ ሐዘን «እግዜር ያጽናሽ» ያላት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

«ስሟን ጥሪልኝ» አለች ይመኙሽ።

«እኔ? እኔ የለቅሶ ቃል አላውቅ።»

«ማን አለኝ ብለሽ ጥሪያት፣ ሌላ የለውም። የምመልሰው እኔ ነኝ።»

አበቡ ጉሮሮዋን ጠረገች። ድምፅዋ አረቄ የጎረበጠው ነው፣ ለለቅሶ የሚሆን አልነበረም።

«ማን አለኝ!»

«ከይመኙሽ በቀር!»

አበቡ ደረቷን ደቃች፣ ደግማም ጠራች። ይመኙሽ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።